ድኖ መመለስ፦ ከሥጋ ደዌ የተረፉ ወንዶች ክብራቸውን ያስመለሱበት ታሪክ

ሥጋ ደዌ ቆዳንና ከቆዳ ሥር የሚያልፉትን ነርቮች የሚያጠቃ፣ በባክቴሪያ የሚመጣ ሕመም ነው። ብዙውን ጊዜ አይገድልም፤ የያዘው ሰው ረጅም ዕድሜ ሊኖር ይችላል። በኢትዮጵያም ከባዱ ጥያቄ ታማሚው ከተረፈ በኋላ ምን ሆኖ፣ ከማን ጋር፣ በምን ሥራ ይኖራል የሚለው ነበር። እንደ ሌሎች ብዙ አገሮች ሁሉ ከሚያዙት የሚበዙት ወንዶች ናቸው። በገጠሩ ኑሮ ደግሞ ወንድ ሰው የሚከበረው በእርሻው፣ በገበታውና በአደባባይ በሚሰጠው ቦታ ነበር፤ ሕመሙ እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ይነጥቃል።

መጀመሪያ የሚሄደው ሥራው ነው። አራሽ በአንድ እጁ ዕርፉን፣ በሌላው ጅራፉን ይዞ ቀኑን ሙሉ ከበሬዎቹ ኋላ ይውላል። ሕመሙ ከክርን ኋላ የሚያልፈውን ነርቭ ሲያሳብጥ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ወደ መዳፍ ይቆለመማሉ፤ ጭብጡ ይላላል። እጁ ስሜት ስላጣ ዕርፉ ሲልጠው፣ እሾህ ሲወጋው፣ ድስት ሲያቃጥለው አይሰማውም። በባዶ እግሩ ሲያርስ የቆሰለ የውስጥ እግሩን ማታ እቤቱ ገብቶ ደም እስኪያይ ድረስ አያውቀውም። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አጥንት ይነካል፣ ጣት ያጥራል። ገና ጉልበቱ ያልደከመ ጎልማሳ ማሳውን ለወንድሙ ወይም ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ደጃፍ ላይ መቀመጥ ይጀምራል። የብዙዎቹ ትካዜ ከዚህ ቀን ይነሣል።

ቀጥሎ የሚሄደው ገበታው ነው። «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚለውን ተረት የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ጥቂት ነው። ዛሬ የሚነገረው ድንበሩን ለሚያልፍ ሰው ሁሉ ስለሆነ ተናጋሪው ሕሙማኑን አያስባቸውም። ቃሉ እንደወረደ ሲታይ ግን አንድ ሰው ወደ መሶብ እንዳይቀርብ በስሙ መከልከሉን የሚያጸድቅ ፍርድ ነው። ከአንድ ትሪ መብላት ዝምድናን በሚያጸናበት አገር ለብቻ የሚቀርብ ሳህንና ተለይቶ የሚቀመጥ ጣሳ ከቁስሉ ይበልጥ ያማል። ሰላምታም እንዲሁ ነው፤ እጁን ለመጨበጥ የሚዘረጋ ሲጠፋ ሰውየው እጁን በጋቢው ሥር መደበቅ ይለምዳል፣ ለቅሶ ቤት ከኋላ ይቀመጣል፣ በሽምግልና መጠራት ያቆማል።

ይህ ሁሉ ግን በየዘመኑ አንድ ዓይነት አልነበረም። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአገሩ ብዙ ሥጋ ደዌ ያለባቸው ሰዎች እንዳየ፣ ከሕዝቡም ተለይተው እንደማይኖሩ፣ እንዲያውም ስለ ነፍሳቸው ብለው ቁስላቸውን በገዛ እጃቸው የሚያጥቡላቸው ምእመናን እንዳሉ መዝግቧል። አልቫሬዝ የመጣው በሽተኛን ከከተማ ቅጥር ውጭ በተለየ ቤት ማኖር ለዘመናት ከተለመደበት ከአውሮፓ ስለነበር ነገሩ ዓይኑን የሳበው ይመስላል። የኢትዮጵያ ልማድ የሁለት ነገሮች ድብልቅ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሰውየውን ከአገር አያስወጣም፣ ግን ወደ ማዕዱም አያቀርብም። መኖሪያው በመካከል፣ ቦታው በደጅ ነበር።

በደጅ የመኖሩን ኑሮ ትርጉም የሰጠው በዋናነት ቤተ ክርስቲያን ነው። በሕሙማኑ ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የሚወደደው ቅዱስ ገብረ ክርስቶስ ነው። በኢትዮጵያ ትውፊት መሠረት ገብረ ክርስቶስ የቁስጥንጥንያው ንጉሥ የቴዎዶስዮስ ልጅ ሲሆን በሠርጉ ሌሊት ሙሽርነቱንና ቤተ መንግሥቱን ትቶ ወጣ፤ መልኩ ጠፍቶ፣ ቁስለኛ ሆኖ፣ ኋላም ወደ አባቱ ደጅ ተመልሶ ማንም ሳያውቀው የገዛ አባቱን ፍርፋሪ እየበላ ኖረ። አገልጋዮቹ እጣቢ ይደፉበት ነበር። መታሰቢያው ጥቅምት 14 ቀን ይከበራል፤ አዲስ አበባ ውስጥም በሥጋ ደዌ ሆስፒታል አጠገብ በስሙ ቤተ ክርስቲያን ተተክሏል። ይህ ታሪክ ለታመመ ወንድ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ለመረዳት አያስቸግርም። በደጅ የተቀመጠው ቁስለኛ የንጉሥ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ የሚያሳፍረው ቁስሉ ሳይሆን እጣቢ ደፊው ነው። ለዘመናት ብዙ ሰዎች ራሳቸውን ከመናቅ የተረፉት በዚህ እምነት ነው። ያም ሆኖ ትውፊቱ የሚያጽናናው በደጅ የተቀመጠውን ነው፤ ወደ ቤት የሚመለስበትን መንገድ አያሳይም።

ከዚሁ እምነት አጠገብ የላሊበላዎች ወይም የሐሚናዎች ልማድ ይገኛል። እነዚህ ዘማሪዎች ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ፣ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ የቤቱን ጌታ በስሙ እያሞገሱ ይዘምራሉ፤ ምጽዋቱን ሲቀበሉ መርቀው ይሄዳሉ። ብዙዎቹ ፈጽሞ ጤነኞች ናቸው። ዜማውን ብንተው ሥጋ ደዌ ይይዘናል የሚል ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ እምነት ስላለ ግን እርሻና ቤት ያላቸው ሳይቀሩ በዓመቱ የተወሰነ ጊዜ ለዚህ ይወጣሉ። የልማዱ መነሻ ምንም ይሁን ምን ሕመሙ ገና ያልነካውን ወንድ እንኳ ምን ያህል ያስፈራ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምስክር አይገኝም።

ሕሙማኑን በአንድ ቦታ ሰብስቦ የማከም ሐሳብ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901፣ ራስ መኮንን ሐረርን በሚያስተዳድሩበት ዘመን፣ የፈረንሳይ ካፑቺን ሚሲዮናውያን በሐረር አጠገብ የመጀመሪያውን የሥጋ ደዌ መንደር አቋቋሙ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚመራው የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ከአሜሪካ በተገኘ ገንዘብ በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ጠርዝ ሆስፒታል ሠራ፤ በወጣትነታቸው ባረፉት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተሰየመ። ከጣሊያን ጦርነት በኋላ በሻሸመኔና በደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ የሚሲዮን ሆስፒታሎች ተከተሉ። በ1958 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ሐረርጌ የተቆረቆረው ቢሲዲሞ፣ ከአንድ ዓመት በፊት በጀርመን ቩርትስቡርግ ከተማ የተመሠረተው የሥጋ ደዌ ረድኤት ድርጅት የመጀመሪያ ሥራ ነበር።

እነዚህ ቦታዎች ነፍስ አድነዋል፤ ይህ መካድ የለበትም። ገና ፍቱን መድኃኒት ሳይኖር ቁስል ታጥቦ የሚታሰርበት፣ ሰው ከሰው ጋር የሚበላበት ቦታ ነበሩ። ቢሲዲሞን የመሰሉት ማሳና ከብት ነበራቸው፣ የሚችል ያርሳል፣ ያልቻለ ሌላ ሥራ ይይዛል። ወንዱ ሚስት ያገባል፣ ልጅ ይወልዳል። በትውልድ ቀዬው ያጣውን ሁሉ በአነስተኛ መጠን መልሶ ያገኛል። ክፋቱ ይህ ሁሉ የሚገኘው በአጥር ውስጥ መሆኑ ነው። ደጅ ላይ ተቀምጦም ቢሆን በሕዝብ መካከል ይኖር የነበረው ሰው አሁን በሩቅ፣ በተለየ ስም በሚጠራ ሰፈር ኖረ። «ዘነበወርቅ» የሚለው የልዕልት ስም በአዲስ አበባ ሰው አፍ የበሽታ ስም እስኪሆን ድረስ ሄደ፤ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት የሰፈራቸውን ስም መናገር ያሳፍራቸው ጀመር።

ዳፕሶን የተባለው ክኒን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲስፋፋ በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት መታከም ቻለ። ብሔራዊ የመቆጣጠሪያ መርሐ ግብርም በዚያው አሥር ዓመት አጋማሽ ተጀመረ። ክኒኑ የሚዋጠው ለብዙ ዓመታት፣ ለአንዳንዱም ዕድሜ ልክ ነበር። ያኔ ነው አዲሱ ችግር የታየው፤ ሐኪሙ «ድነሃል» ብሎ ያሰናበተው ሰው ወደ አገሩ አይሄድም። ሄዶም ይመለሳል። ባክቴሪያው ከሰውነቱ ጠፍቷል፣ የተቆለመመው ጣቱ ግን እንዳለ ነው፤ ጎረቤት የሚያነበው ጣቱን ነው እንጂ የሐኪሙን ወረቀት አይደለም። ሚስቱ ሌላ አግብታለች፣ ወይም የሚስቱ ዘመዶች አይመልሱለትም፤ ማሳው በሌላ እጅ ነው። ስለዚህ ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ጎጆ ቀልሶ ይቀራል። በአዲስ አበባው ሆስፒታል ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሰፈሩት እንዲህ ነው። ከፊሉ ሸማ ሠሪ፣ ከፊሉ ዘበኛ ወይም አናጺ ሆነ፤ ብዙው ግን በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለምኖ አደረ። ከተማዋ ቆሻሻዋን የምትደፋበት ቆሼም ከዚሁ ሰፈር ሩቅ አልነበረም፤ ከዚያ ለቅሞ መሸጥ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆነ።

ሴቶች ከዚህ የከፋ ደርሶባቸዋል፤ ባል ሲታመም ሚስት አንዳንዴ ትቆያለች፣ ሚስት ስትታመም ግን ባል አብሮ የሚቆየው እምብዛም ነው። የወንዱ መከራ ልዩ የሚሆነው በሌላ በኩል ነው። ሴቷ ብታለቅስ ሰው ይሰማታል፤ ወንዱ ግን ችሎ ዝም እንዲል ያደገ ነው። ሕመሙን ይደብቃል፣ «ለሥራ ነው» ብሎ ከቀዬው ይጠፋል፣ ዘግይቶ ወደ ሐኪም ይመጣል፣ ሲመጣም ነርቩ ሞቷል። በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባው ሆስፒታል የተመላላሽ ክፍል የተደረገና ከሁለት ዓመት በኋላ የታተመ ጥናት የዝምታውን ልክ አሳይቷል። ከሥጋ ደዌ ታካሚዎች መካከል 52 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ጭንቀት ምልክት ታይቶባቸዋል፤ ለሌላ የቆዳ ሕመም ከመጡት ግን የተገኘው በ8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱም ወገን የቆዳ ሕመምተኞች ናቸው፣ የተመረመሩትም በአንድ ሆስፒታል ነው። ልዩነቱ የመጣው የሥጋ ደዌ ታካሚው ከሚሸከመው የአካል ጉዳትና ከሚጠራበት ስም ነው ቢባል ከእውነት የሚርቅ አይሆንም።

እጅን መልሶ የማስተካከል ታሪክ የሚጀምረው በደቡብ ሕንድ፣ በቬሎር ነው። እንግሊዛዊው የአጥንት ሐኪም ፖል ብራንድ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሁለት ነገሮች አረጋገጠ። አንደኛ፣ ጣት የሚያጥረው ሥጋው በበሽታው «በስብሶ» ስለሚወድቅ አይደለም፤ ስሜት ያጣ እጅ ሳያውቀው ራሱን ስለሚያቆስል ነው። ሁለተኛ፣ ጤነኛ ሆኖ የቀረ ጅማት ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ወደ ሽባው ጣት ቢዛወር ጣቱ እንደገና ይዘረጋል። የመጀመሪያው ግኝት ከሁለተኛው ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ ሰውየው የሚበሰብስ ሥጋ ተሸካሚ ሳይሆን እጁን መጠበቅ የሚችል ሰው መሆኑን ይነግረዋልና። ነገር ግን ብራንድ ያልጠበቀው ቅሬታም ገጠመው፤ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ተመልሰው መጥተው በተስተካከለው እጃቸው መለመን እንዳቃታቸው፣ ሥራም የሚሰጣቸው እንደሌለ ነገሩት። ቀድሞ የሚያሳዝነው እጅ እንጀራቸው ነበር። ብራንድም ከሆስፒታሉ አጠገብ አናጺነትና ሌላ ሙያ የሚማሩበት መንደር ሠራላቸው። እጅ የሚያነሣው ሥራ ከሌለው እጅ ማስተካከል ብቻውን ሰው እንደማያቆም ሐኪሞች የተማሩት ከእነዚህ ወንዶች ነው።

ይህ ዕውቀት ወደ አዲስ አበባ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1965፣ በዘነበወርቅ ሆስፒታል ግቢ የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲቋቋም ነው፤ ሕዝቡ በአጭሩ አለርት ይለዋል። በ1970 ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ፣ ባክቴሪያውን በ1873 ባገኘው በኖርዌያዊው ሐኪም ስም የተሰየመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም እዚያው ተከፈተ። ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ሐኪሞችና ጤና ባለሙያዎች በአለርት ሠለጠኑ። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ፣ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምናውና የጫማ መሥሪያው በአንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚመጣው ልምምድ የትዕግሥት ሥራ ነው። ጅማቱ የተዛወረለት ሰው እጁ ለሳምንታት በጄሶ ታስሮ ይቆያል፤ ጄሶው ሲፈታ ጣቱን ለመዘርጋት ቢሞክር ምንም አይንቀሳቀስም፣ አእምሮው ጅማቱን የሚያውቀው በቀድሞ ሥራው ነዋ። ከቀን ወደ ቀን፣ ባለሙያው እየነካ እያሳየው፣ አዲሱን መንገድ ያስተምረዋል፤ መጀመሪያ ብዕር ያነሣል፣ ቀጥሎ ኩባያ፣ ቀጥሎ መዶሻ። ይበልጥ የሚደንቀው የዓይን ቀዶ ሕክምና ነው። የፊት ነርቩ የሞተበት ሰው ዓይኑን መክደን ስለማይችል አቧራና ፀሐይ ዓይኑን ያጠፉታል። ሐኪሙ ከማኘኪያው ጡንቻ ቁራጭ ወስዶ ወደ ዐይን ቆቡ ያሻግረዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሰውየው ጥርሱን ሲነክስ ዓይኑ ይከደናል። ስለዚህ በየጊዜው ጥርሱን ነከስ ማድረግን ልማድ ማድረግ አለበት፤ ማታም ሳይዘነጋ፣ ከሰው ጋር እየተጫወተም ሳይዘነጋ። ማንም ሰው ሳያስበው የሚያደርገውን ነገር ዕድሜ ልኩን አስቦ ያደርገዋል። ጽናት ማለት በነዚህ ሰዎች ዘንድ እንዲህ ያለ የየዕለት ጥቃቅን ሥራ ነው።

የዳፕሶን ዘመን ብዙ አልቆየም። በ1970ዎቹ መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ በአዲስ አበባም በሌላም ቦታ ታየ። የዓለም የጤና ድርጅት በ1981 እ.ኤ.አ. ሦስት መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠትን መከረ፤ ኢትዮጵያም በ1983 ጀመረች። ሕክምናው እንደ ሕመሙ ዓይነት ስድስት ወር ወይም ዛሬ በሚሠራበት መሠረት 12 ወር ይወስዳል፤ ታማሚው መድኃኒቱን ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ያቆማል። ከ1995 ጀምሮ መድኃኒቱ በዓለም ሁሉ በነፃ ይታደላል። ኢትዮጵያ በ1999 በአገር አቀፍ ደረጃ ከ10,000 ሰዎች ከአንድ በታች ታማሚ የሚለውን መለኪያ አሟላች። ከቁጥሩ ጀርባ ግን ከመዝገብ የተሰረዙ፣ መድኃኒታቸውን የጨረሱ፣ እጅና እግራቸው የደነዘዘ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። በሕክምና ቋንቋ ድነዋል፤ ቁስላቸው ግን በየወሩ ያገረሻል፣ ፋሻ ለመለመን ጤና ጣቢያ ይመላለሳሉ።

ለእነዚህ ሰዎች ትልቁ ለውጥ የመጣው ከቀላል ነገሮች ነው። አንዱ ጫማ ነው። ስሜት የሌለውን እግር የሚጠብቀው ልዩ ጫማ ጥሩ ቢሠራም ችግር ነበረበት፤ የገበያ ሰው ከሩቅ አይቶ የማን ጫማ እንደሆነ ያውቃል። ጫማውን የተረከበ ሰው እቤቱ አስቀምጦ በባዶ እግሩ የሚሄደው በስንፍና አልነበረም። በ1990ዎቹ በአለርት ሥር በገጠር የተደረገ ጥናት ማንም ሰው ከሱቅ የሚገዛው ተራ የሸራ ጫማ ብዙ ቁስለኞችን በበቂ ሁኔታ እንደሚጠብቅ፣ ሰዎቹም እንደማይለያቸው ስላወቁ ወደው እንደሚያደርጉት አሳየ። ክብርን ያልጎዳ ሕክምና የተሻለ ሕክምና ሆኖ ተገኘ።

ሌላው የራስ እንክብካቤ ቡድን ነው። አለርት ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራባቸው ወረዳዎች የዳኑ ሰዎችን በየአካባቢያቸው ማደራጀት ያዘ፤ በ1999 ቡድኖቹ ከ70 በልጠው ነበር። በቀጠሮው ቀን ሳፋ ይመጣል፣ ውኃ ይሞላል፤ እያንዳንዱ እግሩን ግማሽ ሰዓት ያህል ይነክራል። የጠነከረው ቆዳ በሸካራ ድንጋይ ይፋቃል፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ቫዝሊን ወይም ዘይት ይቀባል። የውስጥ እግርን አጎንብሶ ማየት ስለሚያስቸግር፣ አንዳንዱም ዓይኑ ስለደከመ፣ አንዱ የሌላውን እግር ያነሣና ይመረምራል፤ ስንጥቅ ካለ ይነግረዋል፣ ባለፈው ሳምንት ያልነበረ ቁስል ካየ «የት ሄደህ ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ባለእግሩም ያስባል፤ ለገበያ ሩቅ መንገድ መሄዱን፣ ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶ መዋሉን ያስታውሳል። እግሩን ለዓመታት ከሰው ዓይን የሰወረ ሰው እዚህ ለጎረቤቱ ይሰጠዋል። ፋሻና ቅባቱንም አባላቱ በራሳቸው መግዛት ጀመሩ። በ2001 የታተመ የማዕከሉ ባለሙያዎች ዘገባ ቁስል ከመቀነሱ ሌላ አባላቱ ለአለባበሳቸው መጠንቀቃቸውን፣ በሕዝብ መካከል ለመገኘት ድፍረት ማግኘታቸውን፣ ራሳቸውን ማክበራቸውንና የአካባቢያቸው ሰው መሆናቸው እንደገና መሰማቱን ይዘረዝራል። ሐኪሙ የሰጠው ሳፋና ድንጋይ ነው፤ ቀሪውን ሰዎቹ በመካከላቸው ፈጠሩት።

እዚህ ላይ ነው የጽናት ምንጭ የሚገለጠው። ለዘመናት ታማሚው የሚታጠብ፣ የሚመጸወት፣ የሚታዘንለት ሰው ነበር። በቡድኑ ውስጥ ግን የሌላውን እግር የሚያይ፣ የሚመክር፣ ገንዘብ የሚይዝ፣ ሰብሳቢ ሆኖ የሚመረጥ ሰው ሆነ። ወንድ በኢትዮጵያ የገጠር ኑሮ ሰውነቱ የሚታወቀው ለሌላው በሚሰጠው ነገር ስለሆነ፣ መስጠት ሲጀምር ቀና ይላል። በዘነበወርቅም ሰፋሪዎቹ ያቆሙት የእድርና የማኅበር ሥርዓት ይህንኑ አስገኝቷል፤ ማን ይቀብረኛል የሚል ፍርሃት ካልቀረለት ሰው ዘንድ ስለ ክብር ማውራት ትርፉ ድካም ነው።

ከሰፈር ማኅበራቱ በላይ በ1996 እ.ኤ.አ. የቀድሞ ሕሙማን ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ። አባላቱና መሪዎቹ በሽታው ያገኛቸው ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ ሴቶችም ከመጀመሪያው አንሥቶ በመሪነት ጎልተው ታይተዋል። ማኅበሩ በተለያዩ ክልሎች ቅርንጫፍ ከፈተ፣ ለልጆች ትምህርት፣ ለአባላት ሥራ መነሻ ገንዘብ አፈላለገ፣ ስለ አጠራራቸውም ተከራከረ። አንድ ሰው በአደባባይ ቆሞ፣ ጣቶቹን ከጋቢ ሥር አውጥቶ፣ «ታምሜ ነበር፣ ድኛለሁ» ብሎ መናገሩ በአሥር ፖስተር የማይገኝ ትምህርት ነው።

ሕጉም ቀስ ብሎ ተከተለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ጋብቻ በሚደነግግበት ክፍል በ591ኛው አንቀጽ ሥጋ ደዌን በስሙ ጠርቶ ነበር፤ ተጋቢው ይህ ሕመም እንዳለበት ሳያውቅ ያገባ ሰው በመሠረታዊ ስሕተት እንዳገባ ተቆጥሮ ጋብቻው ሊፈርስ ይችል ነበር። ሕጉ በወጣበት ጊዜ ዳፕሶን በአገሩ እየታደለ ነበር። ይህ አንቀጽ አንድ የታመመ ወንድ ሚስቱ ፊት እንዳይናዘዝ፣ ክኒኑንም ደብቆ እንዲውጥ ምን ያህል እንደገፋው መገመት ይቻላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የበሽታውን ስም አውጥቶ ስለማይድኑ ወይም ወደ ዘር ስለሚተላለፉ ሕመሞች ብቻ ተናገረ። ሥጋ ደዌ ይድናል፣ በዘርም አይተላለፍም፤ ስለዚህ ከድንጋጌው ወጣ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በታኅሣሥ 2010 እ.ኤ.አ. በታማሚዎችና በቤተሰቦቻቸው ላይ የሚደረግ መድልዎ እንዲቀር የሚደነግጉ መርሖዎችን ተቀብሏል።

ከወረቀቱ ይልቅ የሚዘገየው ገበታው ነው። በኢትዮጵያ ዛሬም በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዲስ ታማሚዎች ይመዘገባሉ፤ ከ10 አንዱ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ወደ ጤና ተቋም የሚደርሰው ዓይን፣ እጅ ወይም እግሩ በግልጽ ከተጎዳ በኋላ ነው። ነርቭ ሳይሞት ከተደረሰበት ግን የዕርፉ ጭብጥም፣ የመዳፉ ስሜትም ይተርፋል፤ የጤና ባለሙያው ታማሚውን ዓይኑን አስጨፍኖ መዳፉንና የውስጥ እግሩን በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካ የሚመረምረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከሌላው ቆዳው ቀለሙ የለየ፣ የማያሳክክ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ያየ ሰው፣ በተለይ ችሎ ማለፍ የለመደ ወንድ፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ መድኃኒቱ በነፃ ነው። ድኖ ለተመለሰውም ጎረቤቱ እጁን ይጨብጠው፣ ከእድሩም አይለየው፣ ከትሪውም አብሮ ያቅርበው።